የምሰሶው ቁራጭ

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ወቅት፣ ውድነሽ የምትባል ኩሩ ሴት ነበረች። ኩራቷ የገንዘብ አልነበረም፤ ገንዘብማ ከቤቷ ገብቶ ሰንብቶ አያውቅም። የምትኮራው በሦስት ልጆቿና በባሏ በአናጢው በገብረየስ እጅ ነበር። ደግሞም ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ደጅ ጠንታ አታውቅም። ይህን ለጎረቤት ሳትናገር የዋለችበት ቀን የለም።

የድሮው ሰፈራቸው ለልማት ሲፈርስ ባልና ሚስቱ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። አራተኛ ፎቅ ነው። በባንክ ብድር ሁለቱም ፈርመው ገቡበት። ገብረየስ የአባቱ ቤት ሲናድ ከዕቃው ሁሉ መርጦ ያተረፈው የምሰሶውን ቁራጭ ነበር። ዘመን የጠገበ ጽድ ነው። ክንድ የምታህለውን ቆርጦ፣ ልጎ አለስልሶ፣ ሦስት ጉጥ አውጥቶላት ከበሩ ጀርባ የልብስ መስቀያ አደረጋት። ልጆቹ ቢስቁበት፣ «ይሄ ፎቅ ምሰሶ የለውም። ምሰሶ የሌለው ቤት ቤት አይባልም» አላቸው። ቀጥሎም እነሱ እየሰሙ ለሚስቱ ቃል አስገባት። እኔ ካለፍኩ ይህቺን መስቀያ ከልጆቼ መካከል ለዚህ ቤት ምሰሶ ለሆነው ስጪ፣ ወንድ ይሁን ሴት፤ ከአንቺ በኋላ ቤቱም የእሱ ነው አላት። ውድነሽም እሺ አለች።

ገብረየስ በጥቅምት ለአንድ ሳምንት ታሞ ሞተ። አርባው ካለፈ በኋላ ውድነሽ ጥቁሯን ለብሳ ባንክ ሄደች። ልለምን ሳይሆን ሞቱን ላስታውቅ ነው የሄድኩት ትላለች፣ እኛም እንመናት። ሥራ አስኪያጁ አዘነላትና ደብዳቤ ጻፈላት። ቤት ስትመለስ የመጨረሻ ልጇ ልሳነወርቅ ሻንጣውን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሊሄድ በር ላይ አገኘችው። አውቶቡሱ ሊያመልጠው ነው። ቆሞ ደብዳቤውን ገረፍ ገረፍ አደረገና፣ «እማዬ፣ የእፎይታ ጊዜ ሰጥተውሻል፤ ስድስት ወር አትከፍይም» ብሎ ጉንጯን ስሞ ወረደ።

እንግዲህ እፎይታ ምን ማለት ነው? ሸክሙን አውርዶ እፎይ ያለ ሰው ሸክሙ ዳግመኛ ጀርባው ላይ ይወጣል ብሎ አያስብም። ውድነሽም እንደዚያው ተረዳችው። ባንኩ ለገብረየስ ነፍስ ሲል የስድስት ወሩን ምሯታል። ድፎ ዳቦ ደፋች፤ የደረጃውን ጎረቤት ጠርታ አስመረቀች። በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ ለነዋሪው ከምትሸጠው የምታገኘውን ሳንቲም በስድስቱ ወር አጠራቅማ ለባሏ መቃብር የእምነበረድ ሐውልት አቆመችለት። ያን ሐውልት ሰው ቆሞ እያየ ሲያልፍ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

በሰባተኛው ወር የአንድ ወር ክፍያ ይዛ ባንክ ስትሄድ ጸሐፊዋ ግራ ተጋብታ አየቻት። «እማማ፣ እፎይታ ምሕረት አይደለም እኮ። የስድስቱ ወር ከነወለዱ ተደምሮ ይጠብቅዎታል» አለቻት። ውድነሽ አንገቷን ሳትደፋ አመስግና ወጣች። ከዚያ ወዲያ የቻለችውን ያህል ተፍጨረጨረች። የወሩ ክፍያ ከፍ ብሏል፣ የበርበሬ ዋጋ ደግሞ ሰማይ ነክቷል። ሦስት ወር ሲያመልጣት በሯ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ውዝፉ ካልተከፈለ ቤቱ በሐራጅ ይሸጣል ይላል። ወረቀቱን አልቀደደችውም፣ ለማንም አልተናገረችም። ልጆቿ እሑድ ሊጠይቋት ሲመጡ ራሳቸው አነበቡት። እሷም፣ «ከእናንተ ምንም አልለምንም። እንድታውቁት ያህል ነው» አለቻቸው።

የበኩር ልጇ ዘርይሁን ተነሥቶ ወጣ። ይህ ሰው በሰው ሚኒባስ ረዳት ሆኖ የጀመረ፣ ከዚያ ሾፌር የሆነ፣ አሥራ አንድ ዓመት ጥርሱን ነክሶ የራሱን ሚኒባስ የገዛ ሰው ነው። ከኋላ መስታወቱ ላይ «የእናቴ ምርቃት» ብሎ አስጽፎባታል። ሠላሳው ቀን ሳይሞላ ሸጣትና ውዝፉን ከነቅጣቱ ከፈለ። ሚስቱን እንኳ አላማከራትም፤ ወር ሙሉ አኩርፋው ነበር፣ አይፈረድባትም። ወረቀቱ ከበሩ ላይ ተነሣ። ውድነሽ በሳምንቱ ገበያ ልትሄድ አስፋልት ዳር ስትቆም ያቺው ሚኒባስ ከነጽሑፏ መጥታ ቆመችላት፤ መሪውን የያዘው ዘርይሁን ነው። ለገዛው ሰው ተቀጥሮ ይነዳታል። አፏን ይዛ ብትቀር፣ «መኪናዋ ያው ናት እማዬ፤ ቁልፏን አምሽቼ አስረክባለሁ እንጂ» ብሎ ከፊት ወንበር አስቀመጣት። መንገዱን ሙሉ እየሳቀ ነዳ፤ እሷ ግን እንባዋን ወደ መስኮቱ ዞራ ጠረገች።

ዘርይሁን የኋላውን ጉድጓድ ደፈነ። የፊቱ ግን በየወሩ አፉን ከፍቶ ይመጣል፣ እሱም ከእንግዲህ ደመወዝተኛ ነው። ያን የተሸከመችው መካከለኛዋ ትብለጥ ናት። ትብለጥ የሀበሻ ልብስ ሰፊ ነች፤ እጇ የአባቷን ይመስላል። ሠርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። እጮኛዋን ጠርታ ሁለት ዓመት ጠብቀኝ አለችው፤ ምክንያቱንም ሳትደብቅ ነገረችው። እሱም እሺ ብሎ አንድ ዓመት ጠበቀ፤ በሁለተኛው ሌላ አገባ። ትብለጥ መኪናዋን፣ የስፌቷን ማለቴ ነው፣ ከእናቷ ሳሎን ተክላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አንድም ወር ሳታዛንፍ ከፈለች። አንድ ጊዜ ሥራ ጠፍቶ የወሩ ቀን ሲደርስ ለራሷ ሰፍታ ያስቀመጠችውን የሙሽራ ቀሚስ አውጥታ ለአንዲት ሙሽራ ሸጠችው። ውድነሽ ከጓዳ ሆና ትሰማ ነበር። ትብለጥ ሙሽራዋን፣ «ወገቡን ብቻ ላጥብበው፤ ሌላው ልክሽ ነው» አለቻት።

ልሳነወርቅስ? ልሳነወርቅ ተመርቆ መምህር ሆኗል። ከደመወዙ የሚተርፈውን ይሰጣል፣ የሚተርፈው ግን ለማውራትም አይበቃም። ውስጡን የበላው ሌላ ነገር ነው፤ ያን ደብዳቤ ያነበበው የእሱ አፍ ነበር። የብድሩን ውል ራሱን ላንብበው ብሎ እናቱን ለመነ። ውሉ ያለው ገብረየስ በራሱ እጅ ቆልፎት በሞተው በመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ነው። ቁልፉን ውድነሽ ከባሏ ጋር አስቀብራዋለች። ገብረየስ የቆለፈውን ማንም አይከፍተውም አለችው። ከዓመት በኋላ ደግሞ ለመነ፣ እምቢ አለች። ሁለት ዓመት እንደሞላ አንድ ቅዳሜ እሷ ልቅሶ ስትሄድ ከግቢው ዘበኛ መዶሻ ተውሶ የሣጥኑን ጓጉንቸር ሰበረው። ከመጋዙና ከመላጊያው ሥር ውሉን በፌስታል እንደተጠቀለለ አገኘው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ ፊርማው አነበበ። ከየወሩ ክፍያ ላይ የሕይወት መድን ይቆረጥ ኖሯል፤ ከፈራሚዎቹ አንዱ ቢሞት ቀሪውን ዕዳ መድኑ ይዘጋል ይላል። ገብረየስ ይህን ያውቅ እንደሆነ እንጃ። ሞቱን ለባንኩ ተናገሩ እንጂ ለመድን ድርጅቱ ያስመዘገበ፣ መድኑን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ውድነሽ ከልቅሶ ስትመለስ የተሰበረውን ጓጉንቸር አየችና እጇ ለጥፊ ተነሣ። ልሳነወርቅ ፊቱን አልመለሰም። «እማዬ፣ ያን ጊዜ ቸኩዬ አነበብኩልሽ። አሁን ቀስ ብዬ አንብቤያለሁ፤ መጀመሪያ ስሚኝ፣ ከዚያ ትመቺኛለሽ» አላት። ተቀምጣ ሰማችው። ሲጨርስ እጇ ጉልበቷ ላይ ነበር። እሱም የክረምት ዕረፍቱን በሙሉ በቢሮ ደጃፍ ቆሞ ጨረሰ፤ ነገ ተመለስ ሲሉት እየተመለሰ፣ ማስረጃ ጎደለ ሲሉት እያሟላ። በስተመጨረሻ፣ ዘግይታችሁ ስለመጣችሁ እስካሁን የተከፈለው አይመለስም፣ የቀረው ዕዳ ግን ተሰርዟል ተባለ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚል ሰው አይጠፋም። ልሳነወርቅ በመጀመሪያው ቀን አውቶቡሱን አሳልፎ ቢያነብ፣ ወይም ጓጉንቸሩን በመጀመሪያው ዓመት ቢሰብረው፣ ሚኒባሷም አትሸጥ፣ ቀሚሱም ሌላ ሙሽራ ላይ አይወጣ ነበር። ሣጥኑን የከለከለችው ግን ራሷ ውድነሽ ናት፤ ይህንንም ሳትጠየቅ ትናገራለች። ደግሞ ሁለቱ ያን ሁሉ ባይከፍሉ ልሳነወርቅ ውሉን ሲያነብ ቤቱ የሐራጅ ሲሳይ ሆኖ ነበር። ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ ደግሞ ትብለጥ እስከ ሽበቷ ስትከፍል ትኖር ነበር።

የነፃነቱ ወረቀት በመጣ በእሑዱ ውድነሽ እንደገና ድፎ ደፋች። ዱሮ ባፈረችበት ዳቦ አሁን ልትኮራበት ነው። አራቱን ፎቅ ጠርታ ልሳነወርቅን ወረቀቱን በሰው ፊት አስነበበችው፤ ቀስ ብለህ አለችው፣ ሰውም ሳቀ። እንባ ያቀረሩም ነበሩ። ከዚያ ከበሩ ጀርባ ነጠላዋን አንሥታ ያቺን የጽድ ቁራጭ ነቀለቻት። ግድግዳው ላይ ሁለት ቀዳዳ ቀረ። የገብረየስን ቃል ለእንግዳው ተናገረችና ልጆቿን ለማን ልስጥ ብላ ጠየቀች።

«ለትብለጥ» አለ ዘርይሁን። «የእኔ መኪና ነገም ይገዛል። የእሷ ዓመት አይገዛም።»

«ዘሩ ባይቀድም ኖሮ የምከፍልለት ቤት የት ነበረ? ለእሱ ነው» አለች ትብለጥ።

ልሳነወርቅ ደግሞ፣ «ከሁለቱ ለአንዳቸው ስጪ። እኔ ያበላሸሁትን ነው ያቃናሁት» አለ። ይህን ሲል ግን ዓይኑ ቁራጯ ላይ ነበር። እናት ናትና አየችው። የሌሎቹም ዓይን እዚያው ነበር፤ የአባት እጅ የሠራውን የማይሻ ልጅ የለም።

እንግዳው ዳቦውን ትቶ ክርክር ገጠመ። ከምድር ቤት ያሉት ጡረተኛው መቶ አለቃ ዳምጠው፣ ከገደል አፋፍ የመለሰ ይቀድማል ብለው ለዘርይሁን ፈረዱ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው እትዬ ጽጌ፣ ቤት የሚቆመው በየቀኑ በሚሸከመው ነው፣ አንድ ቀን በተደረገ አይደለም ብላ ለትብለጥ ተሟገተች። ዘበኛው መዶሻውን ያዋሰ እሱ ነውና ለልሳነወርቅ አደላ፤ ሁለቱ ጎርፉን ገደቡት፣ ያደረቀው ይሄ ነው አለ። ሌላው ደግሞ ምሰሶውማ ሞቶም ዕዳውን የከፈለው ገብረየስ ነው ቢል፣ ለእሱ ሐውልት አቁሜለታለሁ ብላ ውድነሽ አሳቀችው። በመጨረሻ አንዱ ብልህ ነኝ ባይ፣ በመጋዝ ለሦስት ክፈሏትና ተስማሙ አለ።

ውድነሽ ቁራጯን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ምሰሶ ከተሰነጠቀ ማገዶ ነው» አለች።

ከዚያም ብድግ አለች። ሦስቱ ልጆቿ ከፊቷ ተደርድረው ቆመዋል፤ ሾፌሩ፣ ሰፊዋና መምህሩ። ዕድሜዋን ሙሉ እንደዚያ ቀን ኮርታ አታውቅም፤ እንዲህ ያሉ ልጆች ከእኔ ወጡ ብላ ልቧ ሞላ። እንደዚያ ቀንም ተቸግራ አታውቅም። ለባሏ የገባችው ቃል አለ፣ ቃል አጥፍታ ደግሞ አታውቅም፤ መስቀያዋ ለአንድ ልጅ ብቻ ትሰጣለች፣ ቤቱም አብሯት ይሄዳል። ገብረየስ የሠራቸውን ሦስት ጉጦች በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደችና እጇን ዘረጋች።

እኔ ያየሁትን እስከዚህ ነግሬያችኋለሁ፤ የቀረው የእናንተ ነው። የወደቀውን ቤት ያነሣው ነው፣ የቆመውን ተሸክማ የኖረችው ናት፣ ወይስ ሸክሙን ራሱ አንሥቶ የጣለው? ለዚያ ቤት ምሰሶው ማነው? እናንተ በውድነሽ ቦታ ብትቆሙ ለየትኛው ልጅ ትሰጡ ነበር?