ባለ ስድስት ዓይኑ ሸረሪትና የጤዛ ጠብታ

አንድ ጊዜ በአንድ የደብር ጫካ ውስጥ፣ ከአሮጌ ወይራ ሥር በረገፈ ቅጠል መሀል የሚኖር ጋሻው የሚባል ሸረሪት ነበር። አባቱ በሕይወት ሳለ ጠዋት ጠዋት ከቅጠሉ ሥር ብቅ ሲል «ለትንሹም ትንሽ ቤት የሰጠ ይመስገን» ይል ነበር። ጋሻውም ይህችን አባባል ወረሰ። ከእሷ ሌላ ጸሎት ባያውቅም፣ እሷን ሳይል የዋለበት ቀን የለም።

ጋሻው ሸረሪት ይባል እንጂ እናንተ ቤታችሁ የምታውቁት ዓይነት አልነበረም። ድር አያደራም፤ ጣራ ላይ አይንጠለጠልም። ቁመቱ ከጤፍ ፍሬ እምብዛም አይበልጥም። መልኩ እንደ ፍም ቀላ ያለ ነው። ጀርባውም ሆዱም ላይ ጋሻ የመሰለ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ነው ጋሻው የተባለው። ሚስቱ ስንዱ ግን ገላዋ ለስላሳ ነው፤ ጋሻ የላትም። በዚያ ሰሞን ሁለት እንቁላል ጥላ፣ ከአንዲት የታጠፈች የወይራ ቅጠል ሥር እየጠበቀቻቸው ነበር።

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትወጣ የጫካው አራዊት በቦታ ተጣሉ። ይሄኔ ንጉሡ አያ አንበሶ አዋጅ አስነገረ። «ሁሉም በየወገኑ ይመዝገብ! የተመዘገበ ቦታውን ያገኛል፤ ያልተመዘገበ ቦታ የለውም። ጠብም እንዳይነሳ ሁለት ወገን በአንድ ቤት አይደር!» መዝጋቢዎችም አያ ጅቦና እመት ቀበሮ ሆኑ።

አያ ጅቦ ሹመቱን በጣም ወደደው። የእሱ አመዳደብ ቀላል ነበር፤ ፍጥረትን ሁሉ «የሚበላ» እና «የማይበላ» ብሎ ለሁለት ከፈለው። ሚዳቋን አየና «የሚበላ» አለ። ድንጋዩንም አሽትቶ «የማይበላ» አለ። አህያ መጥታ ስትቆም ምራቁ ተዝረከረከና «የሚበላ፣ የሚበላ፣ የሚበላ» ብሎ ሦስት ጊዜ መዘገባት።

ከወይራው ሥር ሲደርሱ አፍንጫውን ቅጠሉ ውስጥ ቀበረና አነጠሰ።

«እዚህ ምንም የለም። አቧራ ነው፤ የማይበላ።»

«አቧራ አይደለንም ጌቶቼ!» አለ ጋሻው ቅጠል ጫፍ ላይ ወጥቶ። «እንደምን ዋላችሁ? ሸረሪቶች ነን።»

«አቧራው እንደምን ዋልክ አለኝ!» ብሎ ጅቡ ደንግጦ ወደ ኋላ አለ።

እመት ቀበሮ ግን ዓይኗ ቅጠሉ ላይ ነበር። ደረቅ ነው፤ ወፍራም ነው፤ ለምንጣፍ ይሆናል። ጎንበስ ብላ ጋሻውን አየች፤ ስንዱን አየች፤ ፈገግም አለች።

«መልካም፣ ሸረሪት ናችሁ እንበል። አንተ ጋሻ አለህ፤ እሷ የላትም። እንግዲያው ሁለት ወገን ናችሁ።»

«ኧረ እመት ቀበሮ፣ ሚስቴ ናት!»

«ባለ ጋሻውንና ጋሻ የሌላትን ምን አጋባቸው? አዋጅ አዋጅ ነው የኔ ጌታ። አንተ ከወንዙ ማዶ፣ እሷ ወደ ገደሉ። ቅጠሉም ባለቤት ስለሌለው ነገ ይነሳል።»

«እንቁላሎቻችንስ?»

«የየትኛው ወገን እንደሆኑ ካልታወቀ እኔ ምን ላድርግ!»

ይህን ብላ በጅቡ ጆሮ አንድ ነገር ሹክ አለች። ጅቡም ከንፈሩን እየላሰ ተከተላት።

የጤፍ ፍሬ ለሚያክል ፍጥረት ወንዝ ማለት ባሕር ነው፤ የተሻገረ አይመለስም። ጋሻው ከቅጠሉ ወርዶ መንገዱ ላይ ተንበረከከ። «ጌታዬ፣ ትንሽ አድርገህ ስትፈጥረኝ አላጉረመረምኩም፤ ዛሬም አላጉረመርምም። ሚስቴንና ልጆቼን ግን አትለይብኝ» እያለ ሲያለቅስ ድንገት ጥላ አረፈበት። ቀና ቢል አንድ ወፍራም እግር ሊረግጠው ደርሶ ቆሟል።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ጸሎት ላይ ነህ መሰለኝ» አለ አንድ ድምፅ፤ እግሩም በቀስታ ወደ ጎን አረፈ። የአንዲት አሮጊት ኤሊ እግር ነበር፤ ለአገሩ እንግዳ የሆነች መንገደኛ።

«እንዴት አዩኝ እማማ? እኔን እኮ ማንም አያየኝም!»

«እኔ ስሄድ ቀስ ብዬ ነው፤ ቀስ ያለ ብዙ ያያል። ይልቅ ምን አገኘህ?»

የሆነውን ሁሉ ነገራት። ኤሊዋ አንገቷን ዘርግታ፣ አገጯን መሬት አስነክታ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያም ሄዳ ስንዱን አየቻት።

«በመንገዴ ያጋጠመኝ ሸረሪት አብዛኛው ስምንት ዓይን አለው» አለች። «አንተ ስድስት ነው ያለህ። ሚስትህም ስድስት። ይሄ ጋሻህስ ስትወለድም ነበረ?»

«የለም እማማ፣ በልጅነቴ እንደ ስንዱ ለስላሳ ነበርኩ። የመጨረሻ ቆዳዬን አውልቄ ጎልማሳ ስሆን ነው የወጣልኝ። ወንዶቻችን ሁሉ እንዲሁ ናቸው።»

«ያ ያወለቅከው ቆዳ የት ደረሰ?»

ጋሻው ትንሽ አፈረ። «ስንዱ ነገር መጣል አትወድም። ነፋስ እንዳይገባ ብላ ከእንቁላሎቹ ጎን ወትፋዋለች።»

«ጎሽ! ባለሙያ ነው ያገባኸው» ብላ ኤሊዋ ሳቀች። «በሉ እኔ ለንጉሡ አቤት እላለሁ፤ ነገ ጤዛው ሳይረግፍ ያንን ቆዳ ይዛችሁ ችሎት ቅረቡ።»

በማግስቱ ማለዳ አያ አንበሶ አቤቱታውን ሊሰማ ከወይራው ሥር ለችሎት ተቀመጠ። ጋሻውና ስንዱ አሮጌውን ቆዳ በመሀላቸው አድርገው ከፊቱ ቆሙ።

«አቤት ባዮቹ የታሉ?» አለ አንበሳው ግራ ቀኝ እያየ።

«ከእግርዎ ሥር ነን ጌታዬ!»

«ማነው የሚናገረው?»

«አቧራው ነው ጌታዬ፤ ትናንት እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል» አለ አያ ጅቦ።

ኤሊዋ ከሣር ጫፍ የተንጠለጠለች አንዲት የጤዛ ጠብታ አሳየች። «ጌታዬ፣ በዚህች ጠብታ አሻግረው ይዩ። ከበስተኋላዋ ያለውን አግዝፋ ታሳያለች።»

አንበሳው ጎንበስ ከማለቱ በፊት አያ ጅቦ ምላሱን ዘረጋና ጠብታዋን ላፍ አደረጋት።

«ጥሩ ውሃ ነው» አለ፤ «ግን አታጠግብም።»

ችሎቱ በሳቅ አወካ። ጋሻው ግን ወደ ኤሊዋ ዞረ። ኤሊዋ «አይዞህ፣ እግዜር ጤዛ አያልቅበትም» ብላ ወደ ሌላ ሣር አመለከተች። ጋሻውም ሮጦ ከጠብታዋ በስተኋላ ቆመ።

አንበሳው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተመለከተ። «እንዴ! ጋሻ የለበሰ ጀግና እኮ ነው! አንድ፣ ሁለት… ስድስት ዓይን አለው!» ስንዱ ተተካች። «እሷም ስድስት።» ቆዳው ቀረበ። «ይሄም ስድስት፤ ጋሻ ግን የለውም።»

«የልጅነት ቆዳዬ ነው ጌታዬ። እኔም እንደ ሚስቴ ለስላሳ ነበርኩ» አለ ጋሻው።

«ከየትም ያነሳው ቢሆንስ?» አለች ቀበሮዋ ቶሎ ብላ። «ስድስት ዓይን ያለው እሱ ብቻ ነው እንዴ?»

«እንግዲያው የፊት እግራቸው ላይ የተሰለፉትን እሾሆች ይቁጠሩ ጌታዬ» አለች ኤሊዋ። «ዓይን ቢመሳሰል እንኳ እሾህ ወገንን ይለያል።»

አያ አንበሶ ትንፋሹ እንዳይበትናቸው አፉን አፍኖ ቆጠረ። የጋሻው አራት ጥንድ። የስንዱ አራት ጥንድ። የቆዳውም አራት ጥንድ።

«ወገናቸው አንድ ነው!» አለ አንበሳው። «ባልና ሚስት ናቸው!»

«ታዲያ ለምንጣፍሽ የምትወስጂው ቅጠል ቀረ ማለት ነው?» ብሎ አያ ጅቦ ወደ ቀበሮዋ ዞረ። «ዝም ብትል ትልቅ አጥንት እሰጥሃለሁ ያልሽኝስ?»

እመት ቀበሮ ጅራቷን በእግሮቿ መሀል ከታ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስትል ቁጥቋጦው ዋጣት፤ ሹመቷም በዚያው ቀረ። አያ አንበሶም «ከዚህ ወይራ ሥር አንዲት ቅጠል እንዳትነሳ!» ብሎ አዘዘ።

ይህን የሰሙ ሌሎች ጥቃቅን ሸረሪቶች ከየቅጠሉ ሥር ብቅ ብቅ አሉ። ሆዱ ላይ ብቻ ጋሻ ያለው መጣ፤ ወንዱም ሴቷም ለስላሳ የሆኑ መጡ፤ ከጋሻው የሚያንስም መጣ። አንበሳው ጤዛው እስኪደርቅ ድረስ አንድ በአንድ አያቸው። «ዕድሜ ልኬን ስረግጠው የኖርኩት ቅጠል ነው፤ ይህን ሁሉ ሕዝብ ሳላውቅ!» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። አያ ጅቦም ለቅጣቱ የሁሉንም ዓይን እንዲቆጥር ታዘዘ፤ እስካሁን ከሦስት አላለፈም ይባላል።

ኤሊዋ ለመንገዷ ስትነሳ ጋሻው እግሯ ሥር ወደቀ። «እግዜር ይስጥልኝ ከማለት ሌላ ምን አለኝ እማማ?» እሷም አንገቷን ዝቅ አድርጋ አንዲት ቃል ነገረችውና ቀስ እያለች ሄደች።

በሳምንቱ እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። ሁለቱም ልጆች እንደ እናታቸው ለስላሳ፣ ሁለቱም ባለ ስድስት ዓይን ነበሩ። ጋሻው ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ጫፍ ላይ አውጥቶ መጀመሪያ የአባቱን ምስጋና ያስብላቸዋል፤ ከዚያም የእንግዳዋን ቃል ያስጠናቸዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ አነሰ ብለን ያለፍነው ሁሉ ቀርበው ሲያዩት ስም፣ ወገንና ቤት ያለው መሆኑን ነው፤ ያቺ መንገደኛ ኤሊም ለጋሻው የነገረችው ይህንኑ ነበር፦ «እግዜር ሊሠራው ያልሰለቸውን፣ እኛ ልናየው አይሰልቸን።»