የሁለት ሰው መጋዝ

አንድ ሰው ነበረ፤ ጣውላ ሰንጣቂ። ውብአንቺ፣ አታቋርጪኝ እንጂ! ጥያቄሽን አልረሳሁም። «‹ባክ ኤንድ ፎርዝ› ማለት ሄዶ መመለስ ከሆነ፣ ይሄ ከንቱ ድካም አይደለም ወይ?» ብለሽኛል። እንግሊዝኛ ሳስተምር ስንት ዘመኔ ነው፤ በአንድ ሐረግ እንዲህ የተቆጣ ተማሪ ግን አላጋጠመኝም። በይ ስሚ።

ይህ ሰው ጉልበታም ነበረ። ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ ለወንዙ ድልድይ የሚሆን ዝግባ ይሰነጥቅ ነበር። ክረምት ሊገባ ነው፤ ወንዙ ከሞላ ማዶ ያለው ጤና ጣቢያ መድረስ አይቻልም። የሰውየው ሚስት ደግሞ መውለጃዋ ደርሷል።

መጋዙ የሁለት ሰው ነው፤ በዚህም እጀታ አለው፣ በዚያም እጀታ አለው። ጉልበታሙ ግን አንድ ነገር አልገባው አለ። እሱ የሳበውን ጎረቤቱ መልሶ ሲስበው ሥራው የሚፈርስበት መሰለው። «እኔ ደክሜ ያመጣሁትን አንተ ትመልስብኛለህ!» አለና እጀታውን ጨብጦ አልለቅም አለ። መጋዙ እንጨቱ ውስጥ ተቀረቀረ። ጎረቤቱም «እንግዲያው ብቻህን ሰንጥቅ» ብሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

ብቻውን ሞከረ። ሲስበው ይመጣል፤ ሲገፋው ይታጠፋል። ሰማዩ ጠቆረ።

ወደ ጎረቤቱ ቤት ሄደ፤ «የለም» ተባለ። በማግስቱም ሄደ፤ ጎረቤቱ አለ፣ ፊቱን ግን አዞረበት። «ከእንግዲህ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልሄድም!» እያለ ተመለሰ። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ወገቧን ይዛ ተቀምጣለች።

በሦስተኛው ቀን መጋዙን ተሸክሞ ሄደ። በጎረቤቱ ደጅ ላይ አጋደመው፤ አንዱን እጀታ ወደ ጎረቤቱ፣ አንዱን ወደ ራሱ አደረገ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንተ ስትስብ እለቅልሃለሁ» አለው።

ጎረቤቱም «አይ አንተ!» ብሎ ሳቀና እጀታውን ያዘ።

ሲሰነጥቁ ሰውየው የመጋዙን ጥርስ ልብ ብሎ አየው። ለካስ ሲሄድም ይቆርጣል፣ ሲመለስም ይቆርጣል! በሳምንቱ ጣውላው ተሰንጥቆ አለቀ፤ ድልድዩም ተሠራ። ወንዙ የሞላ ዕለት ሚስቱ በድልድዩ ተሻግራ በሰላም ተገላገለች።

ቃሉ ይኸው ነው፣ ልጄ። እንግሊዞቹ ለመጋዝም፣ ወዲያና ወዲህ ለሚንጎራደድ ሰውም ይሉታል፤ ሁለት ሰዎች ነገር ሲቀባበሉም ይሉታል። እኛስ «ምልልስ» እንል የለ? ለእግርም ለአፍም ያው አንድ ቃል ነው።

አንቺም የተቆጣሽው በእንግሊዝኛው አይደለም፤ አውቄብሻለሁ። የተጣላሻት እህትሽ ቤት ሁለቴ ሄደሽ፣ ሳታናግርሽ ተመለስሽ። በከንቱ የተመላለስሽ መሰለሽ። የምን ከንቱ! መጋዙ እየቆረጠ ነው። ነገም ሂጂ። እሷ መናገር ስትጀምር ግን፣ አደራ፣ እጀታውን ልቀቂላት።