ያመለጠው ጋዝ

አቶ ተገኝወርቅ ሲያስነጥሳቸው እንኳ ሰው ብድግ እንዲልላቸው የሚወዱ ባለጸጋ ናቸው። ድራፍት ቢራ ከነጋዙ አፍኖ የሚያቆይ የብረት ገንቦ ገዙላችሁና፣ ጋዙ መኖሩን ለማየት ክዳኑን በቀን አሥሬ ይከፍቱታል! እንግዳ የጠሩ ዕለት ቢራው ሲቀዳ አረፋ የለው፣ ምን የለው፣ የዕቃ እጣቢ! አፈሩና ምግብ አብሳያቸው ላይ ጮኹ፦

“አንቺ ነሽ ያስወጣሽው! ያመለጠውን ጋዝ አሁኑኑ መልሰሽ አምጪ፤ አለዚያ ከሥራሽ ተባረሻል!”

ሴትዮዋ እጇን በሽርጧ ጠረግ አድርጋ፣ “እሺ ጌታዬ፣ ሮጬ አመጣዋለሁ። በየት በኩል ሄደ?” አለች።

“እኔ ምን አውቄ!”

“እንዴት አያውቁም? ክዳኑን እየከፈቱ ሲሸኙት የከረሙት እርስዎ አይደሉ እንዴ?”

እንግዳው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ማባረሩም በዚያው ቀረ።