የጥንቸሏ ሳጥን

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ስጡኝ።

አንዲት ያረጀች ጥንቸል ከእመቤቷ ጋር አዲስ ቤት ገባች። እዚያም የመጸዳጃ ሳጥኗን ትታ በጠጧን ምንጣፉ ላይ ታራግፍ ጀመር። እመቤቷ፣ “ይቺ አሮጊት ካልታረመች ገበያ ወስጄ እሸጣታለሁ” ስትል ሰምታ ተጨነቀች።

ድመት ጢሟን እየላሰች፣ “እመት ጥንቸል፣ በስተርጅና ይሉኝታ አጡ እንዴ?” አለቻት።

“ይሉኝታስ አለኝ፤ የከዳኝ ጉልበቴ ነው። የድሮው ሳጥኔ ዝቅ ያለ ነበር። የዚህኛው ጎኑ ረጅም ስለሆነ መዝለል አቃተኝ” አለች ጥንቸል።

ይህን የሰማች አይጥ፣ “እሱማ የጥርስ ሥራ ነው” ብላ የሳጥኑን ጎን ከርክራ በር አወጣችለት። ጥንቸሏም ሰተት ብላ ገባች።

በማግስቱ እመቤቷ ምንጣፉ ንጹሕ ሆኖ ብታገኘው፣ “ብቆጣት ጊዜ ልብ ገዛች” እያለች ለጎረቤቶቿ አወራች። ጥንቸሏ ሳጥኗ ውስጥ ተመቻችታ እንደተቀመጠች ወሬውን እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ሳትቸኩልም ጉዳይዋን ጨረሰች።