ድናለች የተባለች ልጅ

አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ያለችው ሰው ነበረ። እናቷ በሕይወት የለችም። ሰውየው ወፍጮ ቤት ነበረው። ልጁ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ራሷን ያማታል። ሳምንት ደህና ትሰነብትና ደግሞ ይመለስባታል።

ይህን የምነግርህ ስለ ጠየቅኸኝ ነው። «ልጄ ራሴን እያለች ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ እውነቷን ይሁን ማታለሏን በምን ልወቅ?» ብለኸኛል። ሌላውን ትተህ እኔ ዘንድ የመጣኸውም ልጅ መቅበሬን ስለምታውቅ ነው። እንግዲህ ስማ።

ሰውየው በመጀመሪያ ደግ አደረገ። ልጁን አልተቆጣትም፤ አስመሳይ አላላትም። ጠበል ወስዶ ሰባት ቀን አስጠመቃት። በዚያውም ልጄ ከዳነች ለደብሩ ጃንጥላ አገባለሁ ብሎ ተሳለ። ሕመሙ ተዋት። ወር አለፈ፤ ራሴን አላለችም። ሰውየው ቃሉን ጠብቆ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ጃንጥላ ገዛና በንግሡ ቀን በሕዝብ ፊት አስገባ። ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ «የዳነችው ይቺ ናት!» አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም።

ከዚያ በኋላ ግን ወሬውን ወደደው። እህል ይዞ የመጣውን ሁሉ ሳይነግር አይሸኝም። ልጅቷንም ከጓዳ ይጠራታል።

«ስንዱ! ነይ እስቲ ለእትዬ ንገሪያቸው። አሁን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

«ጮክ በይ እንጂ፣ ወፍጮው ዋጠሽ።»

«ድኛለሁ!»

አንዲት አሮጊት ጤፋቸውን ይዘው ብዙ ቆመው ነበርና «አንተ ሰውዬ፣ የምትፈጨው ጤፌን ነው ወይስ ልጅቷን?» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ከንግሡ በኋላ በሦስተኛው ወር ሕመሙ ተመለሰ። ልጅቷ አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገር? ብትናገር የአባቷ ቃል ሐሰት ሊሆን ነው። ያ ሁሉ እልልታ ለምን እንደ ነበር ሰው ሊጠይቅ ነው።

ሰውየው ግን አየ። ጠዋት ስትነሣ ግንባሯ ላይ ሰንበር ነበር። ራሷን በሻሽ ጥብቅ አድርጋ አስራ ታድርና እሱ ሳይነቃ ትፈታዋለች። ገና ቁርስ ሳትቀምስ ከቤቱ ጀርባ ሄዳ ስታስመልስም ሰማት።

«ደህና ነሽ አይደል፣ እሙዬ?» ይላታል።

«ደህና ነኝ፣ አባዬ።»

እንዲህ ሲጠይቃት ዓይኗን አያይም ነበር። ቶሎ ብሎ ሞተሩን ያስነሣል።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ጠዋት ከወፍጮው ደጃፍ ወደቀች። አዝሏት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠ። ሊያስፈጩ የመጡ ሁለት ጎረቤቶችም ደንግጠው ተከተሉት። ሐኪሙ ወጣት ነበር፤ ትዕግሥትም ነበረው። ልጅቷን አስተኛና «ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያማት?» ብሎ ጠየቀ።

ሰውየው ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ሁለቱ ጎረቤቶች በሩ ላይ ቆመዋል። በንግሡ ቀን እልል ካሉት መካከል ነበሩ።

«ከትናንት ወዲህ ነው» አለ።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል?»

«የለም።»

ልጅቷ ተኝታ አባቷን አየችው። ሐኪሙ ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ «እውነት ነው እሙ? ከዚህ በፊት አሞሽ አያውቅም?» አላት።

«ድኜ ነበር» አለች።

ሐኪሙ የተነገረውን ይዞ ሠራ። የአንድ ቀን ሕመም መስሎት ማስታገሻ ሰጣት፤ ካልተሻላት ይዘሃት ተመለስ አለው። ኋላ ሐኪሙ «ሁለት ወር ሙሉ አሟታል፣ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል ብትለኝ ኖሮ የዚያኑ ዕለት ወደ ሆስፒታል እልካት ነበር» ብሎታል። ሰውየው በስድስተኛው ቀን ተመለሰና እውነቱን ተናገረ። በሆስፒታል ራሷ ውስጥ እጢ ተገኘ። ልጅቷ ዐሥራ አንድ ቀን ተኝታ ሞተች። ሐኪሞቹ ቀድማ ብትመጣ ትድን ነበር አላሉም። አትድንም ነበርም አላሉም።

ከቀብሩ በኋላ ሰውየው ወደ ንስሐ አባቱ ሄደ። «አባ፣ ስእለቱ እንዳይዋረድ ብዬ ነው» አላቸው።

ቄሱም «ስእለትህን ተቀብለናል» አሉት። «የልጅቷን አፍ ዝጋ ያለህ ግን የለም። የፈራኸው ለእግዚአብሔር ስም መስሎህ ነው፤ እውነቱ ግን ለራስህ ስም ነው የፈራኸው።»



አንተ ወንድሜ፣ ስእለት አልተሳልህም። ነገር ግን ለልጅህ መምህር ምን እንዳልህ ሰምቻለሁ፤ ለጎረቤቱም ነግረሃል። «የኔዋ ጉድ ሰኞ በመጣ ቁጥር ራሷን ያማታል» እያልህ ሰው አስቀሃል። ያ ቃልህ የአንተ ጃንጥላ ነው። በሰው ፊት አስገብተኸዋል፤ መልሶ ማውጣቱ ነው የከበደህ። በምን ልወቅ የምትለኝ ለዚህ ነው እንጂ ማወቂያው ሩቅ ሆኖ አይደለም፤ ልጅቷ ከአንተው ጋር አንድ ቤት ታድራለች።

ብዙ የልጅ ራስ ምታት ክፉ አይደለም። እንቅልፍ ሲሞላላት፣ ውኃ ስትጠጣ፣ አንዳንዷንም መነጽር ሲደረግላት ይተዋታል። የልጅህም እንደዚያ ይሁንልህ። ብቻ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፤ ሲጠይቅህም የምትመልሰው ይኑርህ። መቼ እንደ ጀመራት፣ በስንት ሰዓት እንደሚያማት፣ ያስመልሳት እንደ ሆነ እሷን ጠይቃት። ስትነግርህ ፊትህን አታጥቁርባት። በሩ ላይ ማን ቆሟል ብለህም ዞረህ አትይ።

ከዚያ መምህሯ ዘንድ ሄደህ «ተሳስቼ ነበር» በል። ታፍራለህ። እፍረት ግን ያፈረውን ሰው አይገድለውም። ይኸው እኔ አለሁ።