ተርብ የተፈረደባት አውጫጭኝ

በድሮ ዘመን፣ ማሽላው ገና እሸት ሳይዝ፣ የአንድ መንደር ሰዎች የተርብን ቤት በችቦ አቃጠሉ። ያቃጠሉት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ተስማምተውም ነው። ቀረብ በሉና እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

በዚያ መንደር ቢተው የሚባል ገበሬ ነበር። ታታሪ ነው፤ ግን ችኩል ነው። ከቤቱ ጀርባ የማሽላ ማሳ አለው። ከማሳው ዳር ሾላ አለ፤ ከሾላው ላይ የንብ ቀፎ ሰቅሏል። በሌላው ቅርንጫፍ ተርብ ቤቷን ሠርታለች። ተርብ ቀጥተኛ ነበረች፤ የጠየቃትን ትመልስለታለች፣ የነካትን ትነድፈዋለች። ጦጣም እዚያው አካባቢ ትኖር ነበር። ጦጣ ተጫዋች ነበረች፤ ሌባም ነበረች።

አንድ ጠዋት ቢተው ቀፎውን መሬት ላይ ተገልብጦ አገኘው። ማሩ የለም። ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ወደ አባ ጓንጉል ሮጦ ሄዶ አቤት አለ። እሳቸውም አውጫጭኝ አወጁ።

አውጫጭኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የአገሩ ሰው ሁሉ፣ በዚያ ዘመን እንስሳውም ጭምር፣ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። የሌባው ስም እስኪጠራ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም።

ላም ተጠየቀች፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም አለች። ውሻ ተጠየቀ፤ አላየሁም፣ አልሰማሁም አለ። ዶሮ ተጠየቀች፤ እሷም አላየሁም፣ አልሰማሁም አለች።

ፀሐይዋ ከረረች። ላሟ ጡቷ ተወጥሮ ትንቆራጠጣለች፤ ጥጃዋ ከበረት ይጮኻል። ዶሮዋ እንቁላሏ እንዳይበርድባት ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ ደግሞ ትነሳለች። ሴቶቹ እሳቱን ሳያዳፍኑ ስለወጡ ወደ ቤታቸው ያማትራሉ። ቢተውም ዓይኑ ማሳው ላይ ነው። ዝናቡ ቆም ብሎ ፀሐይ ወጥታለች፤ ማሽላ ላይ ተምች የሚፈላበት በእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። የልጆቹ የዓመት ጉርስ ደግሞ ያ ማሳ ብቻ ነው።

ጦጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ሰዉ መቀመጥ እንዳቃተው ስታውቅ ተነሳች።

«ጌቶቼ፣ ተርብን ጠይቋት እንጂ» አለች። «ማር ቀምሳ እንደሆነ ጠይቋት።»

ተርብ ተጠየቀች። «ቀምሻለሁ» አለች። «ቀፎው ወድቆ የፈሰሰውን ልሻለሁ። ቀፎውን ግን አልጣልኩም።»

ከዚህ ሁሉ ሰዉ የያዘው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው።

ቢተው ተነስቶ፣ ማር ካልሰረቀች ልጆቿን በምን እንደምታሳድግ ጠየቃት። በትል አለች፤ ትል እየቆራረጥኩ አጎርሳቸዋለሁ አለች። ጦጣ አፍንጫዋን ይዛ ተወላገደች፤ ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ትሉን ከማን ማሳ እንደምታመጣው የጠየቀ አልነበረም።

ያን ጊዜ ንብ ወደ መሃል ገባች። የተዘረፈችው እሷ ናት።

«ቀፎውን የገለበጠው እጅ ነው» አለች። «ተርብ እጅ የላትም።»

አባ ጓንጉል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ተናዳፊ ለተናዳፊ ምስክር አይሆንም» አሉ። ፈረዱም።

ሰዉ እፎይ ብሎ ተነሳ። ችቦ መጣ፤ የተርብ ቤት ከነልጆቿ ነደደ፤ ከእሳቱ የተረፉት ተርቦች አገሩን ለቀው ሄዱ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም ቤቱ ገባ። ላሟም ታለበች።

ብዙም ሳይቆይ ተምቹ መጣ። ቢተው ለቀመ፣ ሚስቱ ለቀመች፣ ልጆቹ ለቀሙ። ዳሩን ሲለቅሙ መሃሉ ይበላል፤ መሃሉን ሲለቅሙ ዳሩ ይበላል። ቢተው ቢቸግረው ንብን ጠየቃት።

«ይሄ ሁሉ ትል አምና የት ነበር?»

«አምናም ነበር» አለችው። «አምና የሚለቅመው ነበር።»

ማሽላው አገዳ ብቻ ሆኖ ቀረ። ቢተው ልጆቹን ይዞ ወደ ሚስቱ ዘመዶች ተሰደደ፤ ያን ዓመት በሰው ቤት፣ በሰው እህል ከረሙ። ጦጣም እሸት ልትሰርቅ ወደ ማሳው ወርዳ አገዳ ቆጥራ ተመለሰች። ሲርባት ወደማታውቀው መንደር ሄደች፤ እዚያ በወጥመድ ተያዘች።

እንግዲህ ልጆች፣ ትምህርቱ ይህ ነው። ተርብ ትናደፋለችና ራቅ ብላችሁ እለፉ። ግን ቤቷን ከማቃጠላችሁ በፊት ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠራ እንደምትውል ጠይቁ።

እኔም ነገሩን እዚህ ላይ አቆመው ነበር። ሆኖም ከዓመታት በኋላ የተሰማ ነገር አለ።

አባ ጓንጉል አርጅተው አልጋ ላይ ዋሉ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው ቢተው ሊጠይቃቸው ሄደ። ስለ እህሉ ጠየቁት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቁት።

«ያን ዕለት ጠዋት ጦጣን አይቻት ነበር» አሉት። «ማሩ እስከ ክርኗ ድረስ ነበር። ያየኋትም እኔ ብቻ አይደለሁም።»

ቢተው፣ ታዲያ ምነው ዝም አሉ፣ አላቸው።

ሽማግሌው የዓይናቸውን ቆብ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ተርብ እዚህ ላይ ነድፋኝ ነበር» አሉ። «ጦጣ ግን አንድም ቀን ነድፋኝ አታውቅም።»