የክትክታ ሜዳ የዕርቅ ሰናፍጭ

በክትክታ ሜዳ ከተማ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ ከሁሉ በፊት ሰናፍጭ ይጠበሳል። ተካሳሾቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ከፊታቸው በከሰል ምድጃ ላይ መጥበሻ ይጣዳል፣ ዘይቱ ጢስ ሲል ቆንጠር ተደርጎ የሰናፍጭ ፍሬ ይጨመርበታል። ክዳን አይደረግበትም። ፍሬው ጣ ጣ እያለ ሲፈናጠር ሽማግሌዎቹ የሚያዩት መጥበሻውን ሳይሆን የባልና የሚስቱን እግር ነው፤ ማን ወዴት ሸሸ፣ ማን ማንን ከለለ የሚለውን። ነገር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ «ሰናፍጩ ለወጡ ነው ለክሱ?» እያለ ይስቃል፤ የአገሩ ሰውም አብሮት ይስቅና ታሪኩን ይነግረዋል።

እንደሚነገረው፣ ነገሩ የተጀመረው የህንድ መምህራን በየአውራጃው ትምህርት ቤት በተሰማሩበት ዘመን ነው። ለክትክታ ሜዳ የደረሳት የሒሳብ መምህር ሱብራማኒያም የሚባል፣ ከህንድ ደቡብ የመጣ ሰው ነበር፤ ከተማው ስሙን እስከ መጨረሻው ለማድረስ ትንፋሽ ስላጠረው «ሚስተር ሱብራ» ብሎ አሳጠረው። እሱም ሆነ ሚስቱ ወይዘሮ ፓድማ በዘራቸው ሥጋ ቀምሰው አያውቁም። ሰዉ በመጀመሪያ ሐኪም የከለከላቸው መስሎት አዘነላቸው፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን ባልና ሚስቱ ፊታቸው ሳይጠቁር እንደ ወትሮው ሲበሉ አይቶ ቀናባቸው።

አጥር ለአጥር የሚጎራበቷቸው አቶ ገሰሰ ባለ ወፍጮና ሚስቱ ወይዘሮ ይመናሹ ነበሩ። ይመናሹ እጇም አፏም ፈጣን፣ ቤቷን እንደ መስተዋት የምትይዝ ሴት ናት፤ ገሰሰ ደግሞ ከጥሉ ይልቅ ኩርፊያው የሚረዝም፣ ጾም በገባ ቁጥር ሽሮውን ትክ ብሎ እያየ የሚተክዝ ሰው ነው። እንዲህም ሆነው ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል።

በሁዳዴ መጀመሪያ ሳምንት ወይዘሮ ፓድማ ውሃ ውስጥ ያደረ ሩዝና ምስር በባልዲ ይዛ ወደ ገሰሰ ወፍጮ መጣች። በአገሯ ዶሳ ለሚባለው ስስ ቂጣ እህሉ የሚፈጨው እርጥቡን ኖሯል። ገሰሰ «ኧረ እትዬ፣ እንዳያደርጉት!» ብሎ ሳይጨርስ ባልዲውን ወፍጮው አፍ ውስጥ ገለበጠችው። ወፍጮው አንድ ጊዜ አጓርቶ ዝም አለ። ገሰሰ ድንጋዩን አውልቆ ሊጡን በማንኪያ ሲፍቅ ዋለ። ወደ ማምሻው ሚስተር ሱብራ እንደ አገሩ ሰላምታ መዳፎቹን ደረቱ ላይ ገጥሞ መጣና በሰሌዳ አማርኛው፣ «አቶ ገሰሰ፣ ጥፋት የእኛ ነው። ስለዚህ የነገ ምሳ የእኛ ነው» አለው።

በማግስቱ የቀረበው ምግብ ሳምባር ይባላል፤ ክክ፣ ዱባና ባሚያ በእርድ፣ በአብሽና በድንብላል ተሠርቶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ በመጨረሻ በዘይት የተጠበሰ ሰናፍጭ ከላዩ የፈሰሰበት ወጥ ነው። ከጎኑ ጠርዙ የሚንኮሻኮሽ ዶሳ ነበር። ለምሳ የተቀመጠውና ከምሳ የተነሳው ገሰሰ አንድ ሰው አልነበረም ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ወፍጮው በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይበላሽ ጀመር፤ ለጥገናው የሚያስፈልገው መፍቻም ሁልጊዜ ከሚስተር ሱብራ ቤት አይጠፋም ነበር።

ይመናሹ ሽሮዋ እየተረፈ ሲመጣባት ዝም አላለችም።

«ምነው፣ አልጣመህም?»

«ጾሙ ከብዶኝ ነው» ይላል ገሰሰ፣ ግድግዳውን እያየ።

«ሰው በሁዳዴ ሲከሳ ያንተ ቀበቶ ምን ሆኖ ነው አልደርስ ያለው? ጣትህስ ምን ነክቶት ነው ቢጫ የሆነው?»

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ይመናሹ ባሏ ጾም እየሻረ መስሏት ወደ ነፍስ አባታቸው ወደ አባ ወልደ ሰንበት ሮጠች። አባም ነገሩን ሊያጣሩ ሚስተር ሱብራ ቤት ገቡ። ፓድማ እርጎውን ለራሷና ለባሏ ለይታ፣ ለእንግዳ በኑግ ዘይት ብቻ እንደምትሠራ ለማወቅ አንድ ሳህን ይበቃ ነበር፤ አባ ግን ነገሩ የነፍስ ጉዳይ ስለሆነ ሦስት ቀን ተመላልሰው አጣሩ። በአራተኛው ቀን ይመናሹን ጠርተው፣ «የጾም ነው ልጄ። እጅግ በጣም የጾም ነው» አሏትና ከንፈራቸውን ጠረጉ።

እንግዲህ ይመናሹ ያ ወጥ ምን እንዳለው ልታይ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች። ክኩ የቅዳሜ ገበያ ክክ ነው፤ ዱባው፣ እርዱ፣ አብሹ፣ ሁሉም እሷ ቤት አለ። መጨረሻ ላይ ፓድማ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ማንም ሴት ፈጭታ በጥብጣ የምታቀርበውን ሰናፍጭ በደረቁ ከነፍሬው የጋለ ዘይት ውስጥ ስትጨምር አየች፤ ከዚያ ታፍኖ የሚንጣጣ ድምፅ ሰማች። ቀጥሎ ግን የባሏን ድምፅ ሰማች።

«እጅዎን ይባርከው፣ እመቤቴ» አለ ገሰሰ፣ እንደ ሙሽራ ተለሳልሶ።

ይመናሹ አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ወጡ አልነበረም ያንገበገባት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል አንድ ቀን ለእሷ ብሎት አያውቅም ነበር። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ!» ብላ አለቀሰች፤ አልቅሳም አልቀረች፣ በሳምንቱ «ፍቱኝ» ብላ ሽማግሌ ሰበሰበች።

ሽማግሌዎቹ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እቤቷ ተቀመጡ፤ አባ ወልደ ሰንበት በመካከል፣ ጡረታ የወጡት ሃምሳ አለቃ ይገዙ በቀኝ፣ ገሰሰ ደግሞ በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ። ሚስተር ሱብራና ፓድማ ነገሩ እነሱን ይመለከታል መባሉን ሰምተው በድንጋጤ አጥሩ ጋ ቆመዋል።

«ባልሽ ምን በደለሽ?» አሏት አባ።

«ያችን ሴት የወደደው ለወጧ ከሆነ ወጡን እኔም እሠራዋለሁ፤ ቀምሶ ይፍረድ። ወጡ ካልሆነ ግን ሌላ ነገር አለና ዛሬውኑ ትፈቱኛላችሁ» አለችና ወደ ማድቤቷ ገባች።

ጥያቄዋ ተገቢ ነው ተብሎ ተጠበቀ። አንዳንዶች እንዲያውም አባ ፍርዱን በጉጉት ነው የጠበቁት ይላሉ።

ይመናሹ ሁሉን እንዳየችው ሠራች። ያላየችው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ፓድማ የምትጨምረው በሁለት ጣቷ ቆንጥራ እንደሆነና ወዲያው ክዳን እንደምትደፋበት። እሷ በእፍኟ ዘግና ጢስ የሚተፋ ዘይት ውስጥ ለቀቀችው። ማድቤቱ ደግሞ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነበር።

የተነሳው እሩምታ እስከ ገበያው ድረስ ተሰማ ይባላል፤ ይሄኛው እንኳ ተጋኖ ይሆናል። ሃምሳ አለቃ ይገዙ ግን «ተኙ! ተኩስ ነው!» ብለው ጠረጴዛው ሥር ገቡ፣ አባ «እግዚኦ!» እያሉ በመስኮት ለመውጣት ሞክረው ወገባቸው ላይ ተያዙ፣ የቀረው ሽማግሌ በአንድ በር ተጋፍቶ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ያን ሁሉ ሰው እየገፈተረ ወደ ውስጥ፣ ወደ ማድቤቱ የሮጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ገሰሰ ጋቢውን ጥሎ፣ አንድ እግር ጫማውን ደጅ ትቶ በጢሱ ውስጥ ገባና፣ የውሃ በርሜሉ ጥግ የተኮማተረችውን ይመናሹን በሰውነቱ ከደናት። ሰናፍጩ ጀርባውን እየጠበሰው «የት ጋ ነው የመታሽ? የት ጋ ነው?» ይላታል።

«ሰናፍጭ ነው!» አለች ከሥሩ።

ገሰሰ ቀና ሲል አንዲት ፍሬ ከዓይኑ ሥር አገኘችው።

«ጥይት መስሎህ ነው የገባኸው?» አለች ይመናሹ፣ ጉንጩን በነጠላዋ እየጠረገች። «ጥይት ወዳለበት የሚገባ ምን ዓይነት ጅል ነው?»

ገሰሰ መሬት መሬቱን አየ። ይቅርታ ማለት አያውቅበትም፤ «አንቺ ከሞትሽ እኔ ማንን አኮርፋለሁ?» አለ።

ይመናሹ ልትስቅ ስትል አለቀሰች፤ ልታለቅስ ስትል ሳቀች። ይህን ጊዜ ፓድማ ሮጣ ገብታ መጥበሻውን አየችና፣ የምታውቀውን አማርኛ ሁሉ አሰባስባ «እትዬ! ክዳን! ክዳን የታለ?» ብላ ጮኸች፤ ያገኘችውን የድስት ክዳንም ከደነችበት። ከመስኮቱ የተላቀቁት አባ ወልደ ሰንበት በሩ ላይ ቆመው ይህን ሁሉ አይተዋል። «እኛ አፍ ስንመረምር ነው የኖርነው» አሉ። «አፍ ይቀጥፋል፤ የደነገጠ እግር ግን አይቀጥፍም። ዕርቁ አልቋል።» ያረረውንም ሳምባር ሁሉም ተካፍሎ በላው፤ እንደሚባለው ጣዕሙ ሬት ነበር።

ልማዱ ከዚያ ወዲህ ጸንቶ እስከ ዛሬ አለ፤ እርግጥ አንዳንዴ ሽማግሌን ያሳስታል። አምና አንድ የጋራዥ መካኒክና ሚስቱ ተካሰው ተቀመጡ። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር መካኒኩ ወንበሩን ገልብጦ በበሩ ወጣ፣ ድራሹም ጠፋ። ሚስቲቱ ወደ በሩ አልዞረችም፤ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ሳበች። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ልጄ፣ እግዜር ካልፈቀደ...» ብለው ሲጀምሩ በሩ ተበረገደና ሰውየው በግራ በቀኝ ሁለት ባልዲ ውሃ ተሸክሞ ገባ። አንዱን መጥበሻው ላይ፣ ሌላውን ሚስቱ ላይ ደፋው፤ «ተቃጠልሽ? ፊትሽን አሳዪኝ፣ ተቃጠልሽ ወይ?» እያለ። ሽማግሌዎቹም የራሰ ጋቢያቸውን እየጨመቁ መረቋቸው።